የቆመ ባለ ማንዋል ካምቢዮ መኪና በምን ይጎተት? የመጎተቻ መንገዶች ንጽጽር

ማንዋል ካምቢዮ ያለው መኪና መንገድ ላይ ሲቆም ከየአቅጣጫው የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ «ዜሮ ማርሽ አድርገህ አስጎትተው።» ይህ ምክር ለአንዳንዱ መኪና ይሠራል። ለሌላው ግን ምንም ያልነካውን ካምቢዮ በአንድ ጉዞ ያቃጥላል። ቁም ነገሩ መሬት ላይ የቀሩት ጎማዎች ካምቢዮው ውስጥ የትኛውን ዘንግ እንደሚያዞሩ፣ ያ ዘንግ ደግሞ ሲዞር ዘይት ያገኝ ወይስ አያገኝ እንደሆነ ማወቅ ነው። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር በሙሉ የሚያርፈው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

ዜሮ ማርሽ ብቻውን ለምን አያድንም?

አብዛኛው የቤት መኪናና ፒክአፕ ላይ የሚገኝ ማንዋል ካምቢዮ የዘይት ፓምፕ የለውም። ዘይቱ ከታች ይተኛል፣ ዘይት ውስጥ የተነከሩት ማርሾች ሲዞሩ ወደ ላይ ይረጩታል። ከላይ ላሉት ክፍሎች ዘይት የሚደርሰው በዚህ ርጭት ብቻ ነው።

ሞተሩ ከፊት ሆኖ የኋላ ጎማው የሚነዳው መኪና ካምቢዮ ውስጥ ሦስት ዘንጎች አሉ። የመግቢያው ዘንግ ከፍሪሲዮን ይመጣል። የታችኛው ዘንግ ዘይት ውስጥ ተቀምጦ ከመግቢያው ዘንግ ጋር ሁልጊዜ በጥርስ እንደተያያዘ ነው። ዋናው ዘንግ ከላይ ሆኖ በካርዳን ሻፍት (ከካምቢዮው ወደ ኋላ በሚሄደው ረጅም ዘንግ) በኩል ወደ ኋላ ዲፈረንሻል፣ ማለትም ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ ወደሚያካፍለው ክፍል፣ ይሄዳል። ዋናው ዘንግ ላይ ያሉት ማርሾች ከዘንጉ ጋር አልተቆለፉም። በመርፌ ኩሽኔታ ላይ ልቅ ሆነው ይቀመጣሉ፣ ማርሽ ሲገባ ብቻ ሲንክሮናይዘሩ ከዘንጉ ጋር ያጣብቃቸዋል።

አሁን ሞተሩ ጠፍቶ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ፣ የኋላ ጎማዎቹ መሬት ላይ እየተንከባለሉ ሲጎተት ምን ይሆናል? ጎማው ካርዳኑን፣ ካርዳኑ ዋናውን ዘንግ ያዞራል። ዜሮ ላይ ስለሆነ እንቅስቃሴው እዚያው ያበቃል። የመግቢያው ዘንግም የታችኛው ዘንግም ዝም ብለው ቆመዋል። ዘይት የሚረጨው ቆሞ ዘይት የሚፈልገው ይዞራል ማለት ነው።

ፍጥነቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። ዙሪያው 2 ሜትር የሆነ ጎማ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲጎተት በደቂቃ ወደ 417 ጊዜ ይዞራል። የዲፈረንሻሉ ጥምርታ 4.1 ከሆነ ዋናው ዘንግ በደቂቃ ከ1700 ዙር በላይ ይዞራል፤ በ80 ኪሎ ሜትር ከ2700 ያልፋል። ማርሾቹ ደግሞ ቆመዋል። በመካከል ያሉት የመርፌ ኩሽኔታዎች ይህን ሁሉ ልዩነት የሚሸከሙት ካለፈው ጉዞ በተረፈ ስስ የዘይት ሽፋን ነው። ሽፋኑ ሲያልቅ ብረት ከብረት ይፋተጋል፣ ይግላል፣ ሰማያዊ ይሆናል፣ በመጨረሻም ማርሹ ከዘንጉ ጋር ይጣበቃል። ከመግቢያው ዘንግ ጫፍ ውስጥ ገብታ የዋናውን ዘንግ አፍንጫ የምትሸከመው ትንሿ ኩሽኔታም ከመጀመሪያዎቹ ተጎጂዎች አንዷ ናት። የካምቢዮው የኋላ ጫፍ ቡሽና ኦይል ሲልም (ዘይት እንዳያመልጥ የሚዘጋው ላስቲክ) ከዚሁ ርጭት ነው የሚጠጡት።

«ዘይት ጨምሬ ብሞላውስ?» የሚል ይኖራል። ትክክለኛው የዘይት ከፍታ የመሙያው ቀዳዳ አፍ ነው፤ ዋናው ዘንግ ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። እስከዚያ ድረስ መሙላት ዘይቱን በመተንፈሻውና በኦይል ሲሉ አስወጥቶ ፍሪሲዮኑን ሊያበላሽ ይችላል።

የፊት ጎማው የሚነዳው መኪና ነገር ሌላ ነው። እዚያ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ አንድ ቤት ውስጥ ናቸው፣ አንድ ዘይት ይጋራሉ። የዲፈረንሻሉ ትልቅ ማርሽ ከታች ዘይት ውስጥ ተነክሮ ስለሚገኝና ጎማ በዞረ ቁጥር አብሮ ስለሚዞር ሞተር ባይነሣም ርጭቱ አይቋረጥም። ስለዚህ ብዙ የፊት ነጂ ማንዋል መኪናዎች አራቱም ጎማ መሬት ላይ ሆነው በዜሮ ማርሽ እንዲጎተቱ አምራቾቻቸው ይፈቅዳሉ። ሁሉም ግን አይደሉም፤ የሚፈቅዱትም የፍጥነትና የርቀት ገደብ ሊያስቀምጡ ይችላሉ። የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ስለ መጎተት የሚናገረውን ገጽ መክፈት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ፍሪሲዮን ረግጦ መጎተትስ?

ማርሽ ውስጥ ትቶ ፍሪሲዮኑን ረግጦ፣ ወይም ከባሰ ፔዳሉን በእንጨት ወጥሮ የመጎተት ዘዴ አለ። አሳቡ የታችኛውን ዘንግ ማዞር ነው፤ በእርግጥም ያዞረዋል። ችግሩ የፍሪሲዮን ዲስኩ ላይ ነው። አንደኛ ማርሽ 3.6፣ ዲፈረንሻሉ 4.1 ከሆነ ጥምርታው 14.76 ይሆናል። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ዲስኩ በደቂቃ ከ6100 ዙር በላይ፣ በ80 ወደ 9800 ይዞራል። ይህ የመጨረሻው ሞተሩ በራሱ ከሚደርስበት በላይ ነው፣ የዲስኩ ሽፋን ተበጣጥሶ ሊበተን ይችላል። የፍሪሲዮን መልቀቂያ ኩሽኔታም ለሰዓታት ተረግጦ እንዲቆይ አልተሠራም። እግር ከፔዳሉ ከተነሣ ደግሞ ሞተሩ በግድ በዚያው ፍጥነት ይሽከረከራል። ይህ መንገድ ምርጫ ውስጥ አይገባም።

ሞተሩ የሚነሣ ከሆነ ግን፣ ማለትም መኪናውን ያቆመው ሌላ ነገር ከሆነ፣ ዜሮ ማርሽ ላይ ፍሪሲዮኑን ለቆ ሞተሩን ሥራ ፈት (ነዳጅ ሳይረግጡ) እያስኬዱ መጎተት ጥሩ ዘዴ ነው። የመግቢያውና የታችኛው ዘንግ ይዞራሉ፣ ርጭቱ ይመለሳል፣ የፍሬንና የመሪ አጋዡም ይሠራል።

ከመምረጥዎ በፊት የሚመዘኑት ነገሮች

መጀመሪያ የሚነዳው ጎማ የትኛው ነው? መጽሐፍ ከሌለ ከሥር ይመልከቱ፦ ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄድ ረጅም ዘንግ ካለ የኋላ ጎማ ነጂ ወይም አራቱንም ጎማ የሚነዳ («ባለ አራት ጎማ» የሚባለው) ነው። ከፊት ብቻ ወደ ሁለቱ ጎማዎች የሚወጡ አጫጭር ዘንጎች ካሉ የፊት ነጂ ነው።

ሁለተኛው ርቀቱና ፍጥነቱ ነው፤ መንገድ ለመልቀቅ 200 ሜትር መገፋትና 100 ኪሎ ሜትር መጎተት አንድ አይደሉም። ሦስተኛው መኪናው የቆመበት ምክንያት ነው። ካምቢዮው ራሱ ከተሰበረ፣ ዘይቱ ከፈሰሰ፣ የጎማ ኩሽኔታ ከሄደ ወይም ፍሬኑ ከያዘ አብዛኞቹ አማራጮች ወዲያው ይወድቃሉ። አራተኛው ፍሬንና መሪ ነው፤ ሞተር ሲጠፋ የፍሬን አጋዡ ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ያልቃል፣ መሪውም ይከብዳል። ወጪ የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው። ርካሹ መጎተት ካምቢዮ ካስወረደ ርካሽ አልነበረም።

አማራጮቹ አንድ በአንድ

*ጠፍጣፋ መጫኛ መኪና።* አራቱም ጎማ ከመሬት ይነሣል፣ ካምቢዮ ውስጥ ምንም አይዞርም። ለየትኛውም መኪና፣ ለየትኛውም ርቀት ይሆናል። ሊበላሽ የሚችለው ሲወጣና ሲታሰር ነው፤ ካቦው መኪናውን ሲስብ ማርሹ ዜሮ፣ የእጅ ፍሬኑ የተለቀቀ ይሁን። ከተጫነ በኋላ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ማርሽ ይግባ፣ ቀበቶው ጎማዎቹን ይሰር እንጂ የመሪ ዘንጎችን አይያዝ። ዋጋው ከፍ ይላል፣ በጠባብ መንገድና በዝቅተኛ ጣሪያ ሥር ላይገባ ይችላል።

*ሁለት ጎማ አንሥቶ የሚጎትት ክሬን።* ብዙ ካምቢዮ የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ክሬኑ ራሱ አስተማማኝ ስለሚመስል ማንም አይጠይቅም። ሕጉ አጭር ነው፦ የሚነሣው የሚነዳው ጎማ ነው። የፊት ነጂ መኪና ከፊት ሲነሣ ኋላው ተራ ጎማ ስለሆነ የእጅ ፍሬኑን መልቀቅ ይበቃል። የኋላ ነጂ መኪና ከፊት ሲነሣ ግን ካምቢዮው ላይ የሚደርሰው በገመድ ከመጎተት ምንም አይለይም፤ ኋላ ጎማው እየዞረ ነው። ክሬን ነጂው ከፊት ማንሣት ስለሚቀለው ያንን ሊያደርግ ይችላል፤ ከመነሣቱ በፊት ይናገሩ።

የኋላ ነጂን ከኋላ ሲያነሡት መኪናው ወደ ኋላ ፊቱን አዙሮ ይሄዳል፣ የፊት ጎማዎቹም መሬት ላይ ይሆናሉ። መሪው ቀጥ ብሎ በማሰሪያ መታሰር አለበት። በቁልፉ መቆለፊያ ብቻ መተማመን አይገባም፤ መቆለፊያው ለዚህ ጫና አልተሠራም፣ ሊሰበር ይችላል።

*ከሚነዳው ጎማ ሥር የሚገባ ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ።* ክሬኑ የተሳሳተውን ጫፍ ከማንሣት ሌላ አማራጭ ሲያጣ፣ ሌላኛውን ጫፍ ጋሪው ይሸከማል። ለካምቢዮው ከጠፍጣፋ መጫኛ ጋር እኩል ደኅንነት ይሰጣል፤ ክሬኑ ይዞት መምጣቱን አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

*ካርዳን ሻፍት ፈትቶ መጎተት።* ለኋላ ነጂ መኪና ርካሽና ካምቢዮውን ሙሉ በሙሉ የሚያሳርፍ መንገድ ይህ ነው፤ ክሬን ሩቅ በሆነበት አገር አቋራጭ መንገድ ላይ ከሁሉ ይሻላል። ዲፈረንሻሉ የራሱ ዘይት ስላለውና ትልቁ ማርሹ እየዞረ ስለሚረጨው አይጎዳም። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ወይም ታኮ ያድርጉ። ካርዳኑ ከወጣ በኋላ ማርሽ ማስገባት መኪናውን አይዝም። አንዳንድ ቀላል የጭነት መኪናዎችና ባለ አራት ጎማ መኪናዎች የእጅ ፍሬናቸው ከካምቢዮው ወይም ከትራንስፈር ኬዙ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች ከሚያከፋፍለው ሳጥን) ኋላ ካርዳኑ ላይ የተገጠመ ነው፤ በእነዚህ ካርዳን ሲፈታ የእጅ ፍሬኑም አብሮ ይጠፋል።
2. በካርዳኑና በዲፈረንሻሉ መጋጠሚያ ላይ በቀለም ወይም በመጋዝ ጫፍ የሚገናኝ ምልክት ያድርጉ። በሌላ አቅጣጫ ከተገጠመ መንቀጥቀጥ ይመጣል።
3. መጋጠሚያው ላይ ያሉትን ቦሎኖች (ብዙ ጊዜ 4) ይፍቱ። ካርዳኑ ሁለት ቁራጭ ከሆነ የመካከለኛውን ኩሽኔታ መያዣም ይፍቱ።
4. ፊተኛው ጫፍ ካምቢዮው ውስጥ ተንሸራቶ የሚገባ ዓይነት ከሆነ ሲወጣ ዘይት ይፈሳል። አፉን በወፍራም ላስቲክ ሸፍነው አጥብቀው ይሰሩ።
5. የመስቀለኛው መጋጠሚያ ኩባያዎች እንዳይወድቁ በቴፕ ይጠቅልሉ፤ ውስጣቸው ያሉት መርፌዎች ከተበተኑ መገጣጠሚያው አለቀ።
6. ካርዳኑን ሙሉ በሙሉ አውጥተው መኪናው ውስጥ ያስገቡ። በሽቦ አንጠልጥሎ መሄድ መንገድ ላይ ተፈትቶ አስፋልት እንዲወጋ መጋበዝ ነው።

ሲመለስ በምልክቱ ልክ ይገጠም፣ ቦሎኖቹ በመመሪያው ልክ ይጠበቁ፣ የጎደለው የካምቢዮ ዘይት ይሞላ። መፍቻና ክሪክ ላለው ሰው ሥራው ከግማሽ ሰዓት ብዙም አያልፍም።

*በገመድ ወይም በብረት ዘንግ።* ለፊት ነጂ ማንዋል መኪና፣ መጽሐፉ ከፈቀደ፣ በገደቡ ውስጥ ይሆናል። ለኋላ ነጂ ካርዳኑ ካልተፈታ ወይም ሞተሩ ሥራ ፈት ካልሄደ፣ መንገድ ለመልቀቅ ለጥቂት መቶ ሜትሮች ብቻ፣ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር ሳይበልጡ ይጠቀሙበት። የብረት ዘንግ ከገመድ ይሻላል፤ ርቀቱን ይጠብቃል፣ ፍሬን ሲያዝ መኪናዎቹ አይጋጩም። በገመድ ከሆነ ከ4 እስከ 5 ሜትር ርዝመት ይኑረው። ማሰሪያው መኪናው ለመጎተቻ በተሠራለት ቀለበት ላይ እንጂ የመሪ ዘንግ፣ የጎማ ክንድ ወይም የካምቢዮ መሸከሚያ ብረት ላይ አይታሰር። ቁልፉ መሪው ከሚቆለፍበት ቦታ ወጥቶ ይዞር። ፍሬን የሌለው መኪና በገመድ ፈጽሞ አይጎተት።

*ባለ አራት ጎማ መኪና።* ሁልጊዜ አራቱን የሚነዳ ከሆነ ሁለት ጎማ ማንሣት ክልክል ነው። አንዱ ጥንድ እየዞረ ሌላው ሲቆም በመካከል ያለው ዲፈረንሻል ወይም የፈሳሽ መጋጠሚያ ሁሉንም ልዩነት ይሸከምና ይቃጠላል፤ ጠፍጣፋ መጫኛ ወይም ክሬንና ጋሪ ይመረጥ። ሲፈለግ ብቻ አራቱን የሚነዳ ከሆነ በሁለት ጎማ ላይ ሲሆን እንደ ኋላ ነጂ ይቆጠራል። የትራንስፈር ኬዙን ዜሮ ማድረግ ካምቢዮውን ያሳርፋል፣ ነገር ግን የትራንስፈር ኬዙ ዘይት የሚያገኝበት መንገድ እንደ ዓይነቱ ይለያያል። መጽሐፉ ካልፈቀደ ካርዳኑን መፍታትና የፊት ጎማ መቆለፊያዎች ካሉ ወደ ነፃ ማዞር የተሻለ ነው።

*ከባድ ጭነት መኪና።* ካምቢዮው የዘይት ፓምፕ ቢኖረው እንኳ ፓምፑን የሚያዞረው ብዙ ጊዜ የሞተሩ በኩል ያለው ዘንግ ነው፤ ሞተር ከጠፋ ፓምፑም ቆሟል። ካርዳን ይፈታል፣ ወይም ከጎማው እምብርት ላይ የአክስል ዘንጎቹ ተስበው ይወጡና አፉ ዘይት እንዳይፈስና አቧራ እንዳይገባ ይሸፈናል። የአየር ፍሬን ያለው መኪና አየር ሲያልቅበት የስፕሪንግ ፍሬኑ ስለሚይዝ አየር መስጠት ወይም ስፕሪንጉን በራሱ ቦሎን መሳብ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በፊት ጎማ ይታገድ።

በአጭሩ

| መንገድ | የፊት ነጂ | የኋላ ነጂ | ሁልጊዜ አራቱን የሚነዳ | ርቀት | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ጠፍጣፋ መጫኛ | ይሆናል | ይሆናል | ይሆናል | ገደብ የለውም | ከፍተኛ |
| ክሬን፣ ከፊት ተነሥቶ | ይሆናል | ካርዳን ካልተፈታ አይሆንም | አይሆንም | መካከለኛ | መካከለኛ |
| ክሬን፣ ከኋላ ተነሥቶ | መጽሐፉ ከፈቀደ ብቻ | ይሆናል፣ መሪ ታስሮ | አይሆንም | አጭር | መካከለኛ |
| ክሬንና ጋሪ | ይሆናል | ይሆናል | ይሆናል | ረጅም | ከመካከለኛ በላይ |
| ካርዳን ፈትቶ | አያስፈልግም | ይሆናል | መጽሐፉ ከፈቀደ ብቻ | ረጅም | ዝቅተኛ፣ ጉልበት ይጠይቃል |
| ገመድ ወይም ዘንግ፣ ዜሮ ማርሽ | መጽሐፉ ከፈቀደ | መንገድ ለመልቀቅ ብቻ | አይሆንም | አጭር | ዝቅተኛ |
| ማርሽ ውስጥ፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ | አይሆንም | አይሆንም | አይሆንም | የለም | ካምቢዮ ወይም ሞተር |

ለየትኛው ሁኔታ የትኛው

የፊት ነጂ የቤት መኪና ከተማ ውስጥ ቆሞ ጋራዡ ቅርብ ከሆነ፣ ፍሬኑም ደህና ከሆነ፣ መጽሐፉም ከፈቀደ፣ በብረት ዘንግ መጎተት ይበቃል። ጠፍጣፋ መጫኛ መጥራት ገንዘብ ማባከን ነው። ያው መኪና ካምቢዮው ዘይት አፍስሶ ከሆነ ግን ፊቱ ይነሣ።

ፒክአፕ ወይም ሚኒባስ ከከተማ ርቆ ከቆመና በጀቱ ጠባብ ከሆነ ካርዳን ፈትቶ በዘንግ መጎተት ከሁሉ የሚመረጥ ነው። በጀት ካለ ጠፍጣፋ መጫኛ። ብዙ መኪና የሚያስተዳድር ድርጅት እያንዳንዱ መኪና የሚነሣበትን ጫፍ በወረቀት ጽፎ መስታወቱ ላይ ቢለጥፍ ሌሊት ላይ ክሬን ነጂውና ሾፌሩ አይከራከሩም።

ማንዋል ካምቢዮ ሆኖ ማርሹን ኮምፒውተር የሚቀይርለት መኪና ባትሪው ካለቀ ማርሽ ውስጥ እንደተቆለፈ ሊቀር ይችላል። ጎማው የማይንከባለል ከሆነ በኃይል አይሳብ፤ ጋሪ ከሥሩ ይግባለት ወይም ይጫን።

ተሳስቶ ተጎትቶ ከሆነ

«ይነዳ እስቲ» ብሎ መሞከር ጉዳቱን ያበዛዋል። መጀመሪያ የካምቢዮውን የኋላ ጫፍ ይመልከቱ፤ የተቃጠለ ዘይት ሽታ፣ የተላጠ ቀለም ወይም ከኦይል ሲሉ የሚንጠባጠብ ዘይት ካለ ግሏል።

ቀጥሎ ዘይቱን በንጹሕ ዕቃ ያፍስሱ። የማፍሰሻው ቦሎን ማግኔት ላይ የሚገኝ ግራጫ ለስላሳ ጭቃ የተለመደ ነው። በጣቶች መካከል የሚቆረቁር ስንጥር ብረት የኩሽኔታ ነው፤ ወርቃማ ብናኝ የሲንክሮናይዘር ቀለበት ነው። ስንጥር ካለ ካምቢዮው ይፈታ እንጂ አዲስ ዘይት አያድነውም።

ንጹሕ ከሆነ መጽሐፉ የሚለውን ዘይት ይሙሉ፤ 75ደብልዩ90 ወይም 80ደብልዩ90 (የዘይቱ ውፍረት)፣ ብዙ ጊዜ ጂኤል4 (የማርሽ ዘይት ደረጃ)። ከዚያ የሚነዱትን ሁለት ጎማዎች አንሥተው፣ በድጋፍ ብረት ላይ አስቀምጠው (በክሪክ ብቻ አይተዉት)፣ ዜሮ ማርሽ ላይ ሞተሩን ያስነሡና ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁ። ጎማው በዘይት መጎተት ብቻ ቀስ ብሎ ቢዞርና በእጅ ወይም በፍሬን ትንሽ ሲያዝ ቢቆም ጤና ነው። በኃይል ከዞረና ሞተሩን ሊያጠፋ ከደረሰ አንድ ማርሽ ከዘንጉ ጋር ተጣብቋል። በዚህ ሁኔታ ሌላ ማርሽ ማስገባት ሁለት ማርሽ በአንድ ጊዜ መያዝ ስለሚሆን ካምቢዮውን ይቆልፈዋል፤ ቤቱን እስከ መሰንጠቅም ይደርሳል። ሞተሩን ወዲያው ያጥፉ።

ይህን ሁሉ ካለፈና በመንገድ ላይ የማርሽ ጩኸት ከተሰማ በየትኛው ማርሽ እንደሚጮኽ ይመዝግቡ። በኋላ ነጂ ባለ 5 ማርሽ ካምቢዮ አራተኛው ብዙ ጊዜ ቀጥታ ማርሽ ነው፤ የመግቢያውና ዋናው ዘንግ አንድ ሆነው ይዞራሉ። በሌሎቹ እየጮኸ በአራተኛው የሚጠፋ ድምፅ ወደ ዋናው ዘንግ አፍንጫ ኩሽኔታ ወይም ወደ ታችኛው ዘንግ ኩሽኔታዎች ያመለክታል። በአንድ ማርሽ ላይ ብቻ የሚጮኽ ከሆነ የዚያው ማርሽ ጥርስ ወይም ኩሽኔታ ይጠርጠር። ለመካኒኩ ይህን ከነገሩት ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት ምን ዕቃ እንደሚያስፈልግ ያውቃል።